የግጦሽ መሬት ክስ የት ላይ ይወድቃል

«መሬቱ ከአያት ከቅድመ አያታችን የወረስነው ነው። የላይኛው መንደር ሰዎች ገፍተው ገቡብን። ፍርድ ቤቱ የእኛ መሆኑን ይወስንልን።»

ሁለት መንደሮች በወል ግጦሽ ሲካሰሱ የሚቀርበው አቤቱታ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለተከሳሽ ጠበቃ ከዚህ የተመቸ ጽሑፍ የለም። በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቀዳዳ አለ፦ «የእኛ» የተባለው ማን ነው? «የእኛ መሆኑ» ሲባል ባለቤትነት ነው ይዞታ? «ገፍተው ገቡ» የተባለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሦስቱም የሚመለሱት ምስክር ከመሰማቱ በፊት፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ተከሳሽ ክሱ ከመነሻው እንዲዘጋ በሚያነሳው ክርክር) ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሌሊት ተነስተው የመጡበት መዝገብ አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከባለቤትነት እንጀምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(3) መሬት የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ «የባለቤትነት መብታችን ይረጋገጥልን» ብሎ መጠየቅ በሕግ ማንም የሌለውን ነገር መጠየቅ ነው። ገበሬ ያለው የይዞታና የመጠቀም መብት ነው፤ አንቀጽ 40(4) ለአርሶ አደሩ፣ 40(5) ለአርብቶ አደሩ ከይዞታው ያለመፈናቀል ዋስትና ይሰጣሉ። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 የወል ይዞታን የተረጎመው መንግሥት ለአካባቢው ነዋሪ ለጋራ ግጦሽ፣ ለደንና ለመሳሰለው ማኅበራዊ አገልግሎት የሚሰጠው መሬት አድርጎ ነው። ይህ አዋጅ በ1324/2016 ተተክቷል፤ ክርክሩ የተነሳው በቀድሞው አዋጅ ዘመን ከሆነ ግን ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል። ክልሎችም የየራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ ለምሳሌ አማራ 252/2009ን፣ ኦሮሚያ 130/1999ን አውጥተዋል። አቤቱታ ጻፊዎች ሳያመነቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1206ን ይጠቅሳሉ። እሱ የባለቤት ክስ ነው። እኔ ብሆን የክልሉን የመሬት አዋጅ ሳላነብ የ1952ቱን ሕግ አልገልጥም።

ከሦስቱ ሌላ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ወሰን ነው። ክርክሩ በሁለት ቀበሌ ወይም ወረዳ መካከል ሲሆን ሰው ሁሉ «ወሰናችንን ተሻገሩ» ይላል። ዳኛው ይህን ሲያነብ የሚታየው የአስተዳደር ወሰን ነው፤ የአስተዳደር ወሰን ደግሞ የመደበኛ ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም። በክልሎች መካከል ከሆነ በአንቀጽ 48 መሠረት ክልሎቹ ይስማማሉ፤ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሰፋፈርንና ፍላጎትን አይቶ ይወስናል። በአንድ ክልል ውስጥ ያለ የቀበሌና የወረዳ ወሰን የክልሉ አስተዳደር ሥራ ነው። ይዞታ ግን ከአስተዳደር ወሰን ጋር አንድ አይደለም። የአንድ ቀበሌ ሰው በሌላ ቀበሌ ክልል ውስጥ ሕጋዊ ይዞታ ሊኖረው ይችላል፤ ለመንደሩም ያው ነው። የአቤቱታው ቋንቋ ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው መስመር ማሳየት አለበት። ሁለቱን አጻጻፍ ጎን ለጎን እዩአቸው፦

«ተከሳሾች የቀበሌያችንን ወሰን ጥሰው 3 ሄክታር ስለወሰዱብን ወሰኑ ይከበርልን።»

«በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የ2ኛ ተከሳሽ ማሳ፣ በደቡብ የደን ክልል የሚያዋስነውን፣ ስፋቱ 3 ሄክታር የሆነውንና በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ በወል ግጦሽነት የተመዘገበውን ይዞታችንን፣ ተከሳሾች ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በማረስ የፈጠሩት ሁከት ይወገድልን።»

የመጀመሪያው «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ይመለሳል። ሁለተኛው ስለ ቀበሌ አንዲት ቃል አላነሳም። የጠየቀው ዳኛ ሊሰጠው የሚችለውን ዳኝነት ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ሁከት ክስ ገብተናል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ይዞታው የተነጠቀበት ወይም የታወከበት ሰው ይዞታው እንዲመለስለት፣ ሁከቱ እንዲቆምለትና ካሣ እንዲከፈለው የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የዚህ ክስ ውበቱ ጥያቄው ጠባብ መሆኑ ነው። መሬቱን በእጁ አድርጎ ሲጠቀም የነበረው ማን ነው? ያወከው ማን ነው? ተከሳሽ ያደረገውን እንዲያደርግ የሚፈቅድለት መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ ካላሳየ በቀር ፍርድ ቤቱ ሁከቱ እንዲወገድ ያዛል። ሐረጉ «ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ» ማለቱን ልብ በሉ። ተከሳሽ «የእኛም አያቶች እዚያ ያበሉ ነበር» ብሎ አሥር ምስክር ቢቆጥር ይህን መለኪያ አያልፍም።

ታዲያ ጠባብ መንገድ አጭር ነው። ክሱ ይዞታው ከተነጠቀበት ወይም ሁከቱ ከተጀመረበት ቀን አንስቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። መንደር ለመንደር የሚካሰሱ ሰዎች በብዛት የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ሁለቱ ዓመታት የሚያልቁት በሽምግልና ነው። አንደኛው ዓመት በዕርቅ ድርድር፣ ሁለተኛው በወረዳ ደጅ ጥናት ይሄዳል፤ ሦስተኛው ዓመት ላይ ጠበቃ ይፈለጋል። ሽምግልናው ጊዜውን አቁሞልናል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ክሱን ክፈቱና ዳኛውን ለዕርቅ ቀጠሮ ጠይቁት። የጀመረበትን ቀን ስትጽፉም «ከጥቂት ዓመታት ወዲህ» አትበሉ። መጀመሪያ የታረሰው መቼ ነው፣ በማን ጥማድ፣ ምን ተዘራበት? ቀኑ ያልታወቀ ሁከት ተከሳሽ ወደፈለገው ዓመት ይገፋዋል። ሁለቱ ዓመት ካለፈ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ በይዞታ መብት ላይ የተመሠረተ ክስ ማቅረብ ይቻላል። እዚያ ግን የማስረዳት ሸክሙ ሙሉ በሙሉ ከሳሽ ላይ ይወድቃል፤ የያዘ ብቻ ሳይሆን መብት ያለው መሆኑንም ያሳያል።

አሁን «እኛ» ወደሚለው ቃል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 በክሱ ጉዳይ ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን እንደማይችል ይናገራል። ቁጥር 38 ደግሞ አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ካሉ ከመካከላቸው አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ስለ ሁሉም ሆነው መክሰስም መከሰስም እንደሚችሉ ይፈቅዳል። ቅድመ ሁኔታው ሌሎቹ በዚህ ውክልና መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37(2)ም ለቡድን የመክሰስ መብት መሠረት ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ግን የሚበላሸው ብዙ ነው። የነዋሪዎች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቀን የለውም። ፊርማው ከቀበሌ የማዳበሪያ ዝርዝር ላይ ስለተገለበጠ የሞተ ሰው ፈርሟል። የባል ስም እንጂ የሚስት የለበትም፤ የወል መሬቱን በየቀኑ የምትጠቀምበት ለጥጃና ለበግ ሣር የምታጭደው እሷ ሆና ሳለ። ከዚያ ተከሳሽ ሦስት የከሳሽ መንደር ሰዎችን ፈልጎ «እኛ አልወከልንም» የሚል ማመልከቻ ያስገባል፤ ክርክሩ ከመሬት ወደ ውክልና ይዞራል።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ የተሰበሰበው ሰው ብዛት፣ የተሰበሰቡበት ቦታና ቀን፣ የመሬቱ መለያና አዋሳኝ፣ የተወካዮቹ ሙሉ ስም ይጻፍ። ተወካዮቹ ከሦስት እስከ አምስት ይሁኑ፤ ሥልጣናቸው «በአንድነትም ሆነ በተናጠል» ተብሎ ይገለጽ። ይህች ሐረግ ከተረሳች አምስቱም በየቀጠሮው ካልቆሙ መዝገቡ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ በሐምሌ ጎርፍ ወንዝ ሲሞላ አምስት ሰው ከተማ ማድረስ ቀላል አይደለም። የመስማማት፣ የመታረቅና ይግባኝ የማለት ሥልጣን በግልጽ ካልተጻፈም እንዳለ አይቆጠርም። ውክልናውን ሥልጣን ያለው አካል ያረጋግጠው። በብዙ ቦታ ለወል መሬት ራሱ የቀበሌው አስተዳደር ወይም የወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ይከሳል፤ ጥሩ ነው፣ ክፍያም ይቀንሳል። ነገር ግን አስተዳደሩ መሬቱን ለወጣቶች ያከፋፈለው ራሱ ከሆነ ጠበቃችሁ ተከሳሽ ሆነ ማለት ነው።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር በቀላሉ መታለፍ የለባትም። መንግሥት የወል ይዞታን እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ የመለወጥ ሥልጣን እንዳለው 456/1997 አንቀጽ 5(3) ላይ ተጽፎ ነበር። መሬት ለሌላቸው ወጣቶች በሕጋዊ ውሳኔ ተሸንሽኖ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከተሰጠ፣ «የላይኛው መንደር ሰዎች ወረሩን» የሚለው ክስ መሠረቱ ይናዳል፤ ተከሳሾቹ የያዙት በአስተዳደር ውሳኔ ነው። ያኔ መጠየቅ ያለበት ውሳኔው ነው። ሥልጣን ያለው አካል ነው የወሰነው? ነዋሪው ተሰብስቦ ነበር? ቃለ ጉባኤው አለ? ወጣቶቹን ብቻ ከስሶ ወረዳውን መተው ፍርዱን ባዶ ያደርገዋል። በተቃራኒው፣ ሳይከሰሱ የቀሩ ባለ ደብተሮች ካሉ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 41 ጣልቃ ይገባሉ፤ ሳያውቁ ከተፈረደ በቁጥር 358 ተቃውሞ አቅርበው ፍርዱን ያስቆማሉ። በማሳው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቆጥሮ መክሰስ ከሁለት ዓመት ድጋሚ ክርክር ያድናል።

ማስረጃ። ብዙ ሰው የወል መሬቱን ደብተር ብቻ ይፈልጋል፤ ከሌለ ተስፋ ይቆርጣል። ከእሱ የማያንስ ማስረጃ የሚገኘው በጎረቤት እጅ ነው። በመጀመሪያው ዙር የይዞታ ምዝገባ ማሳው በገመድ ሲለካ ባለሙያው አዋሳኙን በአራቱም አቅጣጫ ይጽፍ ነበር። ከተከራካሪው መሬት ጋር የሚዋሰኑ ገበሬዎች ደብተር ላይ «በሰሜን የወል ግጦሽ» የሚል ካለ፣ ያ ጽሑፍ ክርክሩ ሳይነሳ፣ ለሌላ ጉዳይ፣ በመንግሥት ሠራተኛ እጅ የተጻፈ ነው። አንዳንዴ ከተከሳሾቹ አንዱ ራሱ ከግጦሹ ጋር የሚዋሰን ማሳ አለው። የገዛ ደብተሩ «በምሥራቅ ግጦሽ» እያለ ያን ምሥራቅ አርሶ ሲገኝ ማስረዳቱ ይከብደዋል። ደብተሩን በፈቃዱ አያመጣውም፤ ስለዚህ ከማስረጃ ዝርዝራችሁ ጋር ፍርድ ቤቱ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የባሕር መዝገቡን (የይዞታዎች ዋና መዝገብ) ግልባጭ እንዲልክ እንዲያዝ ጠይቁ፤ ገጹንና የማሳውን መለያ ቁጥር ጥቀሱ። «የአካባቢው መዝገብ በሙሉ ይምጣልን» የሚል ጥያቄ ወይ ውድቅ ይሆናል፣ ወይ ስድስት ቀጠሮ ይበላል።

ደብተር ደግሞ የማይነካ ቅዱስ ነገር አይደለም። ይዞታን ያስገምታል እንጂ ክርክርን አይዘጋም፤ ያለ ሥልጣን ወይም ከሕጉ ውጭ የተሰጠ መሆኑን ማስረዳት ይቻላል። የእናንተም ደብተር በዚሁ መንገድ እንደሚፈተን አትርሱ።

ምስክር ሲመረጥ የሚሠራው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በዕድሜ ትልቁንና አንደበተ ርቱዑን ማቅረብ። ዳኛ የሚፈልገው ያየውን የሚናገር ሰው ነው። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ የሦስተኛ መንደር ሰው፣ በልጅነቱ እዚያ ከብት የጠበቀ እረኛ፣ የቀድሞ የቀበሌ መሬት ኮሚቴ አባል ይሻላሉ። «የእነ እገሌ መሬት ነው» የሚል ምስክር አስተያየት ሰጠ። «ከመስከረም ሣሩ ተከልሎ ኅዳር ላይ ይከፈት ነበር፤ ጥበቃውን በየተራ የሚያወጡት የታችኛው መንደር ሰዎች ነበሩ፤ ከብት ያስገባባቸውን ይቀጡት ነበር» የሚል ምስክር ይዞታን አስረዳ። መከለል፣ መክፈት፣ ጠባቂ መቅጠር፣ ቅጣት መቀበል፣ እነዚህ በመሬቱ ላይ ማዘዝን የሚያሳዩ ድርጊቶች ናቸው። የቅጣት ገንዘብ የተመዘገበበት አሮጌ ደብተር ካለ ከአራት ምስክር ይበልጣል። ከሳሽ መንደር ውስጥ የሚኖር ምስክር አይሰማም የሚል ሕግ ባይኖርም ከፍርዱ የሚጠቀም ሰው ቃል ሚዛኑ ይቀላል።

ከዚህ በኋላ ፍርድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ቦታው እንዲታይ ያዛል። ይህ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 132 ላይ አለ። በተግባር ሥራው ለመሬት አስተዳደር ባለሙያ ይሰጣል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከትእዛዙ አጻጻፍ ነው። «ቦታውን አጣርቶ ሪፖርት ያቅርብ» ከተባለ ባለሙያው ቦታው የማን እንደሆነ አስተያየቱን ጽፎ ይመጣል። ያ የዳኛው ሥራ ነው፤ ተሸናፊውም በይግባኝ ሪፖርቱን የሚያፈርስበትን ቀዳዳ ያገኛል። ትእዛዙ በጥያቄ መልክ እንዲሰጥ ጠይቁ፦ በከሳሽ አቤቱታ የተገለጸው መሬት የትኛው ነው፤ ስፋቱ ስንት ነው፤ በመዝገብ በምን ስም ተይዟል፤ የታረሰው ክፍል ስንት ነው፣ በማን፤ አሮጌ ምልክት፣ ድንጋይ፣ የከብት መንገድ፣ የእርሻ ድንበር ይታያል ወይ። ባለሙያው ሁለቱንም ወገን ይዞ ድንበሩን በእግር ይሂድ፤ የተገኙት ሰዎች እዚያው ይፈርሙ። አንደኛው ወገን ሳይጠራ የተለካ መሬት ሁለተኛ መለካቱ አይቀርም። የመዘገበው ራሱ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ከሆነና ምዝገባው የሚያከራክር ከሆነ ደግሞ ከዞን ባለሙያ እንዲመደብ መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ ጂፒኤስ ሁለት ነገር። በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ሜዳ ላይም ቢሆን ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊሳሳት ይችላል። 400 ሜትር በሚረዝም ድንበር ላይ የ4 ሜትር ስሕተት 1,600 ካሬ ሜትር ነው፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚባልበት አገር ከግማሽ ጥማድ በላይ ማለት ነው። ክርክሩ ስለ 20 ሄክታር ከሆነ ይህ ምንም አይደለም፤ ስለ አንድ ስስ የድንበር ጥብጣብ ከሆነ ግን ልኬቱ ራሱ ክርክሩን ያህላል። ከዚህ የባሰው ሁለተኛው ነው። የአገሪቱ አሮጌ የ1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (ዳተም) ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ካልቀየሩት በቀር ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ይሠራል። ያንኑ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይለውጡ ቢያስቀምጡት ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይዘላል። በሪፖርቱ ላይ መሬቱ ድንገት ወንዙን ተሻግሮ ወይም ጫካ ውስጥ ገብቶ ከታየ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ባለሙያው ቁጥሮቹን በየትኛው መነሻና ዞን እንደወሰደ በሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። ለመስቀለኛ ጥያቄም ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ ንግግር ትበልጣለች።

ዕግድ ከክሱ ጋር አብሮ ይጠየቃል እንጂ ማሳው ከተዘራ በኋላ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ክርክር ያለበት ንብረት የመጥፋት፣ የመበላሸት ወይም ወደ ሌላ የመተላለፍ አደጋ ሲኖርበት ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ዕግድ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው በመሐላ ቃል ይደገፋል። ሰኔ ላይ የሚታረስን ግጦሽ ለማሳገድ ግንቦት ላይ መቅረብ ያስፈልጋል። ነሐሴ ላይ የመጣ ዕግድ የበቀለ ጤፍ ይጠብቅለታል፤ ለራሱ ለተከሳሽ። ትእዛዙ ላይ ደግሞ የሦስት ሰው ስም ብቻ ሲጻፍ አራተኛው ወንድማቸው በማግስቱ ጥማዱን ይዞ ይወጣል። «ተከሳሾች፣ ቤተሰቦቻቸውና በእነሱ ስም የሚሠሩ ሁሉ» ተብሎ እንዲታዘዝ ጠይቁ፤ ግልባጩ ለቀበሌውና ለፖሊስ ይድረስ፤ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ፊርማ በእጃችሁ ይቅር። ዕግድ ሁለቱንም ወገን ሊያስር እንደሚችልም እወቁ። «ባለበት ይቁም» ከተባለ የእናንተም ከብት አይገባም።

በዚህ መሃል ሰው ትዕግሥቱ ያልቅና ወደ ማሳው ይወርዳል። ሕጉ ይዞታን በኃይል መከላከልን ይፈቅዳል (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1148)፤ ግን ወዲያውኑ፣ ድርጊቱ ሲፈጸም፣ ለመከላከል በሚያስፈልገው ልክ ብቻ። ዛሬ ጥማድ ሲገባ መመለስና ባለፈው ወር የተዘራውን ሌሊት ወጥቶ መገልበጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው የወንጀል መዝገብ ያስከፍታል፤ ከሳሽ የነበረው መንደር በሌላ ችሎት ተከሳሽ ይሆናል፤ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛም ይሰማል። ከብትን በተመለከተ ጉዳት ሲያደርሱ የተገኙትን ለካሣው መያዣ አድርጎ መያዝ ሕጉ ይፈቅዳል። የያዙትን ከብት ወዲያው ለቀበሌ ማሳወቅ፣ ቁጥሩንና መልኩን በምስክር ፊት መጻፍ፣ ማብላትና ማጠጣት ግን አይቀርም። በረት ውስጥ የሞተች አንዲት ላም ክርክሩን ትገለብጠዋለች።

ካሣ ሲጠየቅ የሚደረገው ስሌት ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። ከሳሾች ተከሳሽ ያመረተውን ጤፍ በኩንታል አስልተው ይጠይቃሉ። መሬቱ ግጦሽ ነበር ካላችሁ የጠፋባችሁ ሣር ነው። ሣሩን ደግሞ በከብት ቁጥር ማስላት ያጋልጣል። 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን 6.25 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 40 ከብት ለ90 ቀን ሲባል 22,500 ኪሎ፣ ማለትም 225 ኩንታል ይመጣል። በወረቀት ላይ ያምራል፤ መሬቱ 3 ሄክታር ከሆነ ግን በሄክታር 75 ኩንታል ደረቅ ሣር ማለት ነው። ተከሳሽ አንድ የግብርና ባለሙያ ጠርቶ ያን የመሰለ ምርት ካልተንከባከቡት የወል ግጦሽ እንደማይገኝ ሲያስመሰክር ሌላውም ጥያቄያችሁ አብሮ ይጠረጠራል። ከመሬቱ ተነሱ፤ በሄክታር የሚገኘውን የሣር ምርት ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የድርቆሽ ዋጋን ከንግድ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አምጡ።

ክሱ የት እንደሚቀርብ አጭር ነው፤ መሬቱ ባለበት ቦታ (የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 25)፣ አብዛኛውን ጊዜ በወረዳ ፍርድ ቤት። ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ክልል የሚኖሩ ከሆኑ ግን ጉዳዩ የፌዴራል ይሆናል፤ የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና ስለሚያየው ወረዳ መክፈት ጊዜ ማባከን ነው። በኦሮሚያ ደግሞ በ130/1999 መሠረት አስቀድሞ በቀበሌው በኩል ሁለቱ ወገኖች ሁለት ሁለት ሽማግሌ መርጠው ጉዳዩ በእነሱ መታየት አለበት። የሽማግሌዎቹ ውጤት ከክሱ ጋር ካልተያያዘ መዝገቡ አይከፈትም። ክፍያ ለማይችል መንደር በደሃ ደንብ (ያለ ዳኝነት ክፍያ) የመክሰስ ሥርዓት አለ፤ ማመልከቻው ግን ስለ እያንዳንዱ ተወካይ ንብረት ማስረጃ ይጠይቃል።

ዕርቅ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜም ይመጣል፣ ስምምነቱ በዛፍ ጥላ ሥር አይቅር። ለዳኛው ቀርቦ ይመዝገብ፤ ያኔ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። «በሰላም አብረን እንጠቀም» የሚል ስምምነት በሚቀጥለው ክረምት ይፈርሳል። ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር የማን ከብት፣ ስንት፣ በየትኛው መንገድ ገብቶ የት ውኃ እንደሚጠጣ፣ ሣሩ የሚከለልበት ቀን፣ ጥሶ የገባ የሚከፍለው መጠን ይጻፍበት። ከመፍረድ የተሻለ ውጤት የሚሰጠውም እንዲህ ያለው ነው፤ ምክንያቱም ዳኛ የግጦሽ ተራ ሊያወጣ አይችልም።

ከተፈረደ ይግባኙ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ላሸነፈው ደግሞ ሥራው አላለቀም። «ሁከቱ ይወገድ» የሚል ፍርድ ይዞ አፈጻጸም ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው መሬት?» ነው። ፍርዱ ላይ ስፋትና አዋሳኝ ካልተጻፈ የአፈጻጸም ዳኛው አዲስ ነገር መጨመር አይችልም፤ ፍርዱ በተሰጠበት መዝገብ ላይ ማብራሪያ ይጠየቃል። ባለሙያ ችካል ይተክላል፤ የእንጨት ችካል አንድ ሌሊት አያድርም፣ ስለዚህ ከሥሩ ከሰል ወይም የተሰበረ ሸክላ ቀብሮ ድንጋይ መትከል የቆየ ብልሃት ነው፤ ድንጋዩን የነቀለ ሰው ከሥር ያለውን አያውቅም። የየችካሉ ቁጥር በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ቀኑ ሲመረጥ ማሳው ላይ ሰብል ካለ እስኪታጨድ መጠበቅ ይሻላል፤ ታኅሣሥ ላይ ባዶ መሬት ላይ ድንጋይ መትከል ሁለት ፖሊስ ይበቃዋል፣ ጥቅምት ላይ በደረሰ ጤፍ መካከል ማለፍ ግን ኃምሳም አይበቃውም።